የቤተ ክርስቲያን ዐጸድና የምእመናን አደራ

(በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በእንዲህ ያለው ቀን የአንድ ደብር ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሕንፃው ታሪክ ነው። በኪራይ አዳራሽ የተጀመረው ጸሎት፣ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት በትብብር የተገኘው የቅዳሴ ሰዓት፣ በየወሩ የተዋጣው ገንዘብ፣ በመጨረሻም የራስ የሆነው ቤት ይነገራል። በባዕድ ሀገር ለታቦት ማደሪያ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለምና ይህን ማስታወስ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከግድግዳዋ ውጭም የራሷ የሆነ ስፍራ አላት። የዛሬው ትምህርት የሚመለከተው ያንን ስፍራ፣ ዐጸዱን ነው። በስደት የሚኖሩ ምእመናን በሀገር ቤት ባለው ዐጸድ ላይ ምን ድርሻ እንዳላቸውም ይጠይቃል።

ዐጸድ ምንድን ነው?

በጎንደር፣ በጎጃም ወይም በወሎ ገጠር ያደገ ሰው ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ የሚለያት በዛፎቿ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ዙሪያው ገለባ ብቻ የቀረበት ሜዳ ይሆናል፤ በመካከሉ ግን ጉብታው ላይ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ክብ ይታያል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው በአንድነት ቆመዋል። መንገደኛው ጉልላቱን ገና ሳያይ ዛፉን አይቶ ቆሞ ይሳለማል።

ክብ ሆኖ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች እንዳሉት ሕፃናትም ይማራሉ። ከሦስቱ ውጭ ያለው ቅጥር ዐጸድ ይባላል። ቃሉ በግእዝ የተከለለ ስፍራን፣ የአትክልት ቦታንም ያመለክታል፤ የወይን ቦታ ዐጸደ ወይን የሚባለው ስለዚህ ነው። ወደ ውስጥ ለመግባት ያልተዘጋጀ ምእመን ቆሞ የሚያስቀድሰው በዐጸዱ ነው። ሙታን የሚያርፉት፣ የአብነት ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው፣ የቅኔው መምህር ጉባኤ የሚዘረጋው፣ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁት በዚያው በዛፉ ጥላ ሥር ነው። ከበሮው ከዋንዛ ግንድ ይፈለፈላል። ንቦች ከእነዚሁ ዛፎች አበባ ቀስመው የሚሠሩት ሰም ጧፍ ሆኖ በመቅደሱ ይበራል። ስለዚህ ዛፉ ከሥርዓቱ ውጭ የቆመ ጌጥ አይደለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 እንደተነገረው አዳም በገነት ሲቀመጥ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፤ ማበጀትና መጠበቅ። የሰው ልጅ ማበጀቱን፣ ማረሱንና መሥራቱን አልረሳውም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መጠበቁ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት ትረፍ ይላል። ኦሪት ዘዳግምም ከተማ በጦር የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ የሚያፈራውን ዛፍ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። በጦርነት ጊዜ ያልተፈቀደው ነገር በሰላም ጊዜ እንዴት ይታያል የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ለራሱ ሊመልሰው ይገባል።

ጸሎቱና ዘመኑ

የቤተ ክርስቲያን ዓመት ከምድሪቱ ዓመት ጋር አብሮ ይሄዳል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ነው። መጀመሪያው ስለ ዘርና ስለ ደመና የሚነገርበት ነው፤ ቀጥሎ ስለ መብረቅና ስለ ነጎድጓድ ይነገራል። ከነሐሴ 10 ጀምሮ ያለው ክፍል ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዐይነ ኵሉ ይባላል። ዕጓለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች፣ ደሰያት ደሴቶች፣ ዐይነ ኵሉ የሁሉም ዐይን ማለት ነው። የቁራ ጫጩት በማኅሌት ውስጥ የራሷ ወቅት አላት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የአበባው ዘመን፣ ዘመነ ጽጌ ይከተላል። ካህናቱ በመስተብቁዕ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ ይለምናሉ። ሰባቱ አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ያህል ቀናት ይይዛሉ፤ በእነዚያ ቀናት ምእመኑ ከእንስሳት ተዋፅኦ ተከልክሎ በጥቂት መኖርን ይለማመዳል።

ይህ ሥርዓት በስደት ሀገር ሲፈጸም አንድ ችግር ያጋጥመዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሐምሌና ነሐሴ የሙቀት ወራት ናቸው። ልጆች ከውጭ ፀሐይ እያቃጠለ ከውስጥ ስለ ዝናምና ስለ ጎርፍ ሲዜም ይሰማሉ። ዜማው የሚያስበው በሌላ ስፍራ ያለ አፈርን፣ በሌላ ስፍራ ያለ ገበሬን ነው። ምክንያቱ ካልተነገራቸው ዘመነ ክረምት ለእነርሱ በቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለፍጥረት መጸለይ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሚትሪዮስ ቀዳማዊ ሴፕቴምበር 1 ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ቀን እንዲሆን አወጁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ ይህንኑ ቀን ለካቶሊካውያን ደነገጉት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ለሌሎች የምታሳየው ከጸሎቱ ጋር ዛፉንም ነው። ዛፉ ግን ዛሬ እንዴት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሊቃውንቱ ያገኙት

ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ በሚገኘው በቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መረመሩ። ከደኖቹ ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ስፋት ነበረው። በእነዚህ ውስጥ 168 ዓይነት እንጨታም ዕፅዋት ተቆጠሩ፤ 100ው ዛፎች፣ 51ዱ ቁጥቋጦዎች፣ 17ቱ ሐረጎች ናቸው። ከ168ቱ ውስጥ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ሀገር በቀል ናቸው። ዙሪያው የእርሻና የግጦሽ መሬት በሆነበት አውራጃ ይህን ያህል ዘር የተረፈው ታቦት ባለበት አጥር ውስጥ ነው።

ከጥናቶቹ ውስጥ አንዱ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በደኑ አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር ሲመረመር ከእነዚህ ዛፎች የአብዛኞቹ ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። የአረም ዘር ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ዝናም ሲያገኝ ይበቅላል፤ የዝግባና የመሰሎቹ ዘር ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ካለቁ በኋላ ቦታው ተከልሎ ቢጠበቅ እንኳ ደኑ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። ዛሬ በዐጸዱ የቆመው ሽማግሌ ዛፍ የዘሩ መዝገብ እርሱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎች ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር ተነጻጽረው ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ዛሬም በቦታቸው መኖራቸው ታይቷል። ይህ የአባቶችን ጠባቂነት ይመሰክራል። ነገር ግን ከላይ ሲታይ አረንጓዴ የሆነው ሁሉ ጤነኛ አይደለም። አንዳንዱ ደን የሰፋው በባሕር ዛፍ ነው። በሌላውም ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው ተተኪ ችግኝ አይታይም፤ በበጋ ወደ ዐጸዱ የሚገቡት ከብቶች በቅለው የወጡትን ይበሏቸዋል፣ ይረግጧቸዋልም። በጥናቱ ከከብት በታጠረው ቦታ ችግኞች ከአልታጠረው ይልቅ ተርፈው ተገኝተዋል። ልጅ የሌለበት ቤት ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ እንደሚዘጋ ተተኪ የሌለው ደንም እንዲሁ ነው።

ለምን ተጎዳ?

ለዚህ ካህናቱን ብቻ መውቀስ ፍርድን ማጓደል ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ትተዳደርበት የነበረውን ርስት አጣች። በገጠሩ አጥቢያ እጅ የቀረው በቅጥሩ ውስጥ ያለው ነው። ለዕጣንና ለጧፍ፣ ለጣሪያ እድሳት፣ ለአገልጋዮች ቀለብ ገንዘብ ሲያስፈልግ ዐይን የሚያርፈው በዛፉ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገር ገብቶ በጥቂት ዓመታት የሚደርስ፣ ቶሎ የሚሸጥ ዛፍ ሆነ። ገቢ ለሌለው አጥቢያ ትልቅ እርዳታ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ብዙ ሀገር በቀል ዕፅዋት አይበቅሉም፤ በጸበል ምንጭ አጠገብ ሲተከልም የምንጩን ውኃ ይሻማል።

ሌላው ምክንያት በዚህ አዳራሽ ያሉትን ሁሉ በቀጥታ የሚመለከት ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በብዙ ገጠር አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን በሰፊ ሕንፃ ሲተካ ታይቷል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ገንዘብ በከፊል የሚመጣው ከውጭ ነው። የአንድ መንደር ተወላጆች ተሰባስበው ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ጨረታ ያካሂዳሉ፣ ራት ያዘጋጃሉ፣ ከደመወዛቸው ያዋጣሉ። ያደጉበትን ደብር መርዳት የተቀደሰ ሐሳብ ነው፤ ብዙዎቹ ለዚህ የሚሰጡት በሌሊት ሥራ ያገኙትን ነው። ነገር ግን ሕንፃው ሲሰፋ መሬቱ የሚገኘው ከደኑ ነው። ለአዳራሹ፣ ለእንግዳ ማረፊያው፣ ለመኪና መግቢያው፣ በሲሚንቶ ለሚሠራው መቃብር አንድ በአንድ ዛፍ ይወድቃል። በምረቃው ዕለት የሚላከው ፎቶግራፍ ሕንፃውን ያሳያል፤ የወደቀውን ዝግባ አያሳይም። ላኪው በቅንነት የሰጠው ገንዘብ ሳያውቀው መጥረቢያ ይሆናል።

ጉዳቱ ከተቆረጠው ዛፍ ቁጥር በላይ የሚሆንበት ምክንያት በቀላል ስሌት ይታያል። ደን የሚታመመው ከዳሩ ነው፤ ነፋሱና ፀሐዩ አፈሩን የሚያደርቁት፣ ከብቱም የሚገባው በዳር ነው። ክብ ሆኖ የቆመ 4 ሄክታር ደን የዙሪያው ርዝመት 710 ሜትር ያህል ነው። ያው 4 ሄክታር በሁለት እኩል ክቦች ቢከፈል የሁለቱ ዙሪያ ተደምሮ 1,000 ሜትር ይሆናል። በደኑ መካከል 40 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ቦታ ቢመነጠር የተቆረጠው ከ4 ሄክታሩ ሃያኛው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ ያልነበረ 180 ሜትር አዲስ ዳር በደኑ ልብ ውስጥ ይከፈታል።

ቅጥሩና ድንጋዩ

መፍትሔው ከባድ ማሽን የሚፈልግ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር የአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደን በድንጋይ ካብ እንዲከበብ አድርገዋል። ድንጋዩ የተለቀመው ከአጠገቡ ካለው እርሻ ነው። ገበሬው ለማረሻው እንቅፋት የነበረውን ድንጋይ አነሣ፤ ደኑም ቅጥር አገኘ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሥራውን የመንደሩ ሰው ተካፈለው። በቅጥር የተጠበቁ ደኖች ካልታጠሩት ይልቅ በተሻለ ይዞታ ላይ መሆናቸውን ከዚያ ወዲህ የተደረገ ጥናት አረጋግጧል።

ቅጥር በዐጸድ ዙሪያ ማቆም ለሀገሩ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የተከለለ ስፍራ የሚለው ትርጉም በስሙ ውስጥ አለ። የካህናቱ ቃልም ከማንኛውም ሕግ ይልቅ ይሰማል። በ2004 ዓ.ም. በዝቋላ አቦ ገዳም ደን ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ከአካባቢውና ከአዲስ አበባ ምእመናን ወደ ተራራው ወጥተው ከመነኮሳቱ ጋር እሳቱን ተከላክለዋል። በአንበሶችና በነብሮች መካከል የሚሣለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለ ደኑ ሊታሰብ አልቻለምና ነው።

ከምእመናን ምን ይጠበቃል?

በመጀመሪያ ከሀገር ቤት ለሕንፃ ማሠሪያ ርዳታ ሲጠየቅ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ኮሚቴው ሦስት ነገሮችን በአክብሮት ይጠይቅ። አዲሱ ሕንፃ የሚያርፈው በአሮጌው መሠረት ላይ ነው ወይስ በደኑ ውስጥ? የሚቆረጥ ሀገር በቀል ዛፍ አለ ወይ፤ ካለስ ስንት ነው? ዐጸዱ ቅጥር አለው ወይ፤ በሩንስ ማን ይዘጋል? እነዚህ ጥያቄዎች የአባቶችን ሥልጣን መንካት አይደሉም። ሰጪው ስለ ቆርቆሮው ውፍረትና ስለ ሲሚንቶው ዋጋ እየጠየቀ ስለ ዛፉ ዝም ካለ ዛፉ ዋጋ እንደሌለው ነግሮ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከሕንፃው በጀት ላይ ለቅጥር፣ ለችግኝና ለውኃ የሚሆን ድርሻ ይመደብ። ውኃው ከራሱ ከጣሪያው ይገኛል። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም ሲወርድ 200 ሊትር ውኃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ስፍራ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ 160,000 ሊትር ይቀራል። መቶ ችግኝ እያንዳንዱ በሳምንት 10 ሊትር ቢጠጣ፣ ለ35 ሳምንት በጋ የሚያስፈልገው 35,000 ሊትር ነው። አሸንዳና የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ሕንፃ ዛፍ ቢያሳጣ እንኳ ዛፍ ያሳድጋል፤ አሸንዳ የሌለው ግን ያንኑ ውኃ ጎርፍ አድርጎ የዐጸዱን አፈር ይሸረሽርበታል።

ሦስተኛ፣ ለካህናቱ ኑሮ ይታሰብ። በወር ጥቂት ገንዘብ ለአገልጋዮች ቀለብ የሚልክ ማኅበር ደኑን ከሽያጭ ያድነዋል። የተራበ ሰው ዛፍ እንዲጠብቅ ማስተማር ብቻውን አይበቃም።

አራተኛው በዚሁ በስደት ያለው ዐጸድ ነው። በውጭ የሚገኙ ብዙ አጥቢያዎች ዐጸዳቸው የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ነው። ይህ የኑሮው ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በአስፋልቱ ዳር ያለችው ጠባብ መሬት እንኳ የሀገሩን ዛፍ ልትይዝ ትችላለች። ወይራና ዝግባ በማይበቅልበት ስፍራ የዚያው ምድር ተወላጅ የሆነው ዛፍ ይተከል፤ ምድሪቱ በዚህም የፈጣሪዋ ናትና። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ጸዲቅ ሲቀርብም የሚጣለው የፕላስቲክ ሳሕንና የውኃ ጠርሙስ ይታሰብበት። ግማሹን ዓመት ጾሞ በጥቂት መኖርን የተማረ ምእመን ከጾሙ ማዕድ ላይ ከረጢት ሙሉ ቆሻሻ ሲያወጣ ጾሙና ማዕዱ አይስማሙም። ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል ሳሕን ገዝቶ የማጠቡን ተራ በየማኅበሩ መከፋፈል የሚቻል ነው።

በመጨረሻ ልጆቹ አሉ። በውጭ ተወልዶ ያደገ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሣል ሲባል የሚሥለው ያየውን ነው፤ ጣሪያ፣ መስቀል፣ በደጅ የቆሙ መኪኖች። ስለዚህ አይወቀስም። ዘመነ ክረምት ሲገባ የሰንበት ትምህርት ቤቱ የዕጓለ ቋዓትን ትርጉም ከዜማው ጋር ቢያስተምር፣ ጽድን ከወይራ፣ ዋንዛን ከብሳና ለይቶ በሥዕል ቢያሳይ፣ ወላጆችም በእረፍት ጊዜ ወደ ሀገር ሲወስዷቸው ከከተማው ካቴድራል ሌላ የአያቶቻቸውን ገጠር ደብር ቢያሳዩአቸው፣ ነገ ስለ ዐጸዱ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። የዛሬዎቹ ላኪዎች ዛፉን በዐይናቸው ያውቁታል፤ የሚቀጥለው ትውልድ ካልተነገረው የሚያውቀው ሕንፃውን ብቻ ነው።

ይህን ደብር የመሠረቱ አባቶችና እናቶች ያላዩትን ሕንፃ ተስፋ አድርገው አዋጡ። ዝግባ የሚተክልም እንዲሁ ነው፤ ጥላው የሚደርሰው ለልጅ ልጁ ነው። የደብሩ ልጆች ይህን ልማድ ከራሳቸው ታሪክ ያውቁታልና ለዐጸዱም ያውሉት ዘንድ ይገባል።

ልዑል እግዚአብሔር የዝናሙን ዘመን ይባርክ፤ በሀገር ቤት ያሉትን አድባራትና ገዳማት ከነደኖቻቸው ይጠብቅ፤ ይህን ደብርም ለሚመጣው ትውልድ ያቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።